ለኤልዳና ማን ይነግራታል

(ኮምቦልቻ፣ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት፣ ሕፃናቱ ገናን በትምህርት ቤታቸው ሊያከብሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌሩ ደምሰው ዛሬ ጠዋት በመኪና አደጋ መሞቱን መምህርት ዘሃራ ሰምታለች፤ ለልጆቹ ብስኩት ልትጋግር የመጣችው ሚስቱ ውባለም ግን አልሰማችም፤ ወንድሞቿ ከወልዲያ እስኪደርሱ ድረስ ዘሃራ እንዳትለቃት አደራ ተብላለች።)

ውባለም፦ በቃ ዘሃራ፣ ልቀቂኝ ልሂድ። ይኼ ሁሉ ብስኩት ለልጆቹ በቅቶ ለዘበኛውም ይተርፋል።

ዘሃራ፦ አንድ ትሪ ብቻ። ኮከቡ ቀርቶናል እኮ። ክብ ክቡን ብቻ ደርድረን ልናቀርብ ነው?

ውባለም፦ ልጆች ክብ ሆነ ኮከብ ምን ገዷቸው? ላዩን ስኳሩን ነው የሚልሱት።

ዘሃራ፦ ያንቺዋ ግን ትጠይቀኛለች። «ቲቸር፣ እኔ ኮከብ ሆኜ የምዘምረው፣ ብስኩቱ ለምን ኮከብ አልሆነም?» ስትለኝ ምን ልመልስላት?

ውባለም፦ እናትሽ ቸኩላ ሄደች በያት።

ዘሃራ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው። ቁጭ በይ።

ውባለም፦ አንቺ ደግሞ ተረቱ ሁሉ ላንቺ የተተረተ ነው የሚመስልሽ። ስሚኝ እንጂ፤ ደምሰው ዛሬ ይገባል። ትናንት ከሚሌ ደውሎ «ባቲ ላይ በግ ገዝቼ ለምሳ እደርሳለሁ» ብሎኛል። ምሳ አለፈ። ይኼኔ ቤት ተዘግቶ አግኝቶት ይሆናል።

ዘሃራ፦ ቁልፍ የለውም እንዴ?

ውባለም፦ ቁልፍማ አለው። ቁልፍ ወጥ አይሠራለትም እንጂ።

ዘሃራ፦ መንገድ ነው መቼስ... ሊዘገይ ይችላል።

ውባለም፦ በሌላ ቀን እሺ። በዓልና ደሜ ግን ተዛንፈው አያውቁም። ሹፌር አግብተሽ ብታዪው ይገባሽ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የጎማ ድምፅ ስታዳምጪ ትከርሚያለሽ፣ ለበዓል ብቻ ባል ይኖርሻል።

ዘሃራ፦ ዱቄቱን አቀብዪኝ።

ውባለም፦ እንቁላሉንም አንቺው ስበሪ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ረስቼ ጣቴን እንዳልልስ።

ዘሃራ፦ ሙስሊሟ ለገና እንቁላል ትሰብራለች፣ ክርስቲያኗ ዳር ቆማ ታያለች።

ውባለም፦ እኔስ ለኢድ የባልሽን የሰይድን ሸሚዝ የተኮስኩት መተኮሻሽ ሲቃጠል አይደል? ተበዳድረናል። ቆይ... ቆይ፣ ምንድን ነው የጨመርሽው?

ዘሃራ፦ ስኳር።

ውባለም፦ ጨው ነው! ኧረ ዘሃራ! ይኼን ሁሉ ሊጥ ገደልሽው እኮ።

ዘሃራ፦ ያ ረቢ! እቃው ተመሳስሎብኝ ነው።

ውባለም፦ ዛሬ ምን ነክቶሻል? ሰይድ ሁለተኛ አመጣብሽ እንዴ?

ዘሃራ፦ እሱ አንዷንም በቅጡ አልቻለ።

ውባለም፦ ኪ ኪ ኪ... ይኼን ልንገረው?

ዘሃራ፦ ንገሪው። አሁን አዲስ ሊጥ እናቡካ፤ ሰዓት አለን።

ውባለም፦ አንቺ ነሽ ሰዓት ያለሽ። ኤልዳናስ የት አለች? ድምጿ ጠፋ።

ዘሃራ፦ እዚሁ ግድግዳው ማዶ ከሞግዚቷ ጋር ናት። ጥጥ በኮላ እየለጠፉ ለእረኞቹ በግ ይሠራሉ።

ውባለም፦ ጥጡን ፀጉሯ ላይ እንዳትለጥፈው። ባለፈው ለጥፋ በመቀስ ነው ያወጣሁላት። አየሽ፣ ለአባቷ ልታሳየው ነው መሯሯጧ። «አባዬ ከፊት ወንበር ይቀመጣል» ስትል ነው ያደረችው። ሹፌር አባት በትምህርት ቤት በዓል ላይ ታይቶ አያውቅም፣ አይደል? ዘንድሮ ሊታይ ነው... ኧረ! መብራቱ ሄደ?

ዘሃራ፦ ሄደ።

ውባለም፦ በቃ፣ እግዜርም ውባለም ወደ ቤትሽ ግቢ አለኝ። ምድጃው ካልሠራ ምን ልንሠራ ነው?

ዘሃራ፦ ከሰል እናቀጣጥላለን። ከላይ በትሪ ከድነን ፍም እንጨምርበታለን። ደግሞ ገና የወረቀት ሰንሰለቱ አለ፣ ኮላው አልደረቀም፣ ፊኛው አልተነፋም...

ውባለም፦ የዚህ ትምህርት ቤት እናቶች አለቁ? እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት? ስልኬን ስጪኝ፤ ልደውልለት።

ዘሃራ፦ ቻርጅ ላይ ነው አልሁሽ እኮ።

ውባለም፦ በየትኛው መብራት?

ዘሃራ፦ አሁን ነው የጠፋው... እስካሁን ሞልቶ ይሆናል። ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ቆልፋ ወጥታለች።

ውባለም፦ እንግዲያው ያንቺን ስጪኝ።

ዘሃራ፦ ካርድ የለውም።

ውባለም፦ ቅድም ስታወሪበት አልነበረም? ግቢ ውስጥ ከዛፉ ሥር ቆመሽ።

ዘሃራ፦ ተደውሎልኝ ነው።

ውባለም፦ ማን ነው የደወለልሽ?

ዘሃራ፦ ሰው ነዋ።

ውባለም፦ ዘሃራ፣ ወደ እኔ ዙሪ እስቲ። ምሳ ለምንድን ነው በግድ ያበላሽኝ?

ዘሃራ፦ እንዴ! ሰው ሲጋበዝ ምክንያት ይጠይቃል?

ውባለም፦ «ብዪ፣ ጨምሪ፣ ባዶ ሆድ ጥሩ አይደለም» እያልሽ በእጅሽ ስታጎርሺኝ። ራስሽ ግን አንዲት ጉርሻ አልበላሽም። ጠዋት ደግሞ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ከሩቅ አየችኝና እንዳላየ ሆና ወደ ቤቷ ተመለሰች። እሷ እኮ ሰላምታዋ ብቻ ምሳ የሚያደርስ ሴትዮ ናት። የደሜ ወንድም ልጅአለምም ከምሳ በፊት እዚህ በር ላይ መጥቶ ነበር። በመስኮት አየሁት። የወንድሙን ልጅ ሳይስም ሄደ።

ዘሃራ፦ ቸኩሎ ይሆናል።

ውባለም፦ ምን ሊልሽ ነው የመጣው?

ዘሃራ፦ ስለ... ስለ ነገው በዓል ሊጠይቅ።

ውባለም፦ ልጅ የሌለው ሰውዬ ስለ ልጆች በዓል ሊጠይቅ መጣ። ወላሂ በይ።

ዘሃራ፦ ምን?

ውባለም፦ ደምሰው ደኅና ነው። ወላሂ በይና ቁጭ ብዬ ኮከብ ስቆርጥ ልደርልሽ።

ዘሃራ፦ ውቤ፣ ነገር አትፍተሊ...

ውባለም፦ አንዲት ቃል ናት። ወላሂ በይ።

ዘሃራ፦ አልልም።

ውባለም፦ ለምን?

ዘሃራ፦ በአላህ ስም አልዋሽም። ወንድሞችሽ እየመጡ ነው። ውጫሌን አልፈዋል። እነሱ ይንገሩሽ፤ እኔን አታስጨንቂኝ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ።

ውባለም፦ ባሌ ቢታመም ሐኪም ቤት ነበር የምትወስጂኝ። ወንድም ከወልዲያ የሚጠራው ለሞት ነው።

ዘሃራ፦ ውቤ፣ ነይ ቁጭ በይ።

ውባለም፦ ሞተ?

ዘሃራ፦ አላህ ያጽናሽ እህቴ።

ውባለም፦ ሞተ በይኝ። ዙሪያውን አትዙሪኝ።

ዘሃራ፦ ሞተ። ዛሬ ጠዋት ነው። ከባቲ አልፎ ወደዚህ ሲወርድ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬኑ እንቢ አለው። ልጅአለም ሄዶ በዓይኑ አይቶታል።

ውባለም፦ አፌን ያዢኝ።

ዘሃራ፦ አልቅሺ፤ አውጪው...

ውባለም፦ አፌን ያዢኝ አልሁሽ! ልጄ ግድግዳው ማዶ ናት። ያዢ... ያዢ...

ዘሃራ፦ ይኸው ይዤሻለሁ። እጄን ንከሺው፤ ግድ የለም፣ ንከሺው። አብሽሪ የኔ እናት። ተንፍሺ።

ውባለም፦ ብቻውን ነበር?

ዘሃራ፦ ብቻውን።

ውባለም፦ ቶሎ ነው? ወይስ ሲያቃስት...

ዘሃራ፦ ቶሎ ነው ብለዋል። ሰው ሲደርስለት አልፏል።

ውባለም፦ በጉስ?

ዘሃራ፦ ምኑ?

ውባለም፦ በግ ገዝቶ ነበር ወይ?

ዘሃራ፦ ገዝቶ ነበር። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ነበር። ተርፏል ይላሉ።

ውባለም፦ ለመታረድ የተገዛው ተረፈ። አራጁ ሄደ።

ዘሃራ፦ እንዲህ አትበዪ።

ውባለም፦ ምን ልበል ታዲያ? ቤቴ ደጅ ድንኳን ተተክሏል?

ዘሃራ፦ እየተከሉ ነው።

ውባለም፦ እኔ እዚህ ሊጥ እየዳመጥሁ። ሰፈሩ ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል፣ ዘበኛው ሳይቀር ቅድም ቆብ አውልቆ ነው ያሳለፈኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ የሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዘሃራ፦ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ደጋፊ ሳይኖር መርዶ አይነገርም። ወጉ ነው። ያንቺም ወግ ነው፣ የኔም ወግ ነው።

ውባለም፦ ሳቅሁ እኮ ዘሃራ። በሰይድ ቀለድሁብሽና ሳቅሁ። አንቺ እያወቅሽ አየሽኝ። ደሜ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል፣ እኔ እዚህ ኪ ኪ ኪ እላለሁ።

ዘሃራ፦ እኔም እየሞትሁ ነበር። ጨዉን ያየሽው አይደል? ዓይኔ ማየት አቁሞ ነበር እኮ። ምን ታደርጊ ነበር እኔን ብትሆኚ?

ውባለም፦ አላውቅም። እኔም አንቺ ያደረግሽውን አደርግ ነበር መሰለኝ። ውኃ ስጪኝ።

ዘሃራ፦ እንኪ። ቀስ ብለሽ። አሁን ስሚኝ፤ የልጅቷን ነገር አስቤበታለሁ።

ውባለም፦ ምን አሰብሽ?

ዘሃራ፦ ዛሬ እኔ ጋ ትደር። የኔዎቹ አሉላት፣ ይጫወታሉ። ነገ ልብሷን አልብሼ፣ ፀጉሯን ሠርቼ አመጣታለሁ። ኮከቧን ይዛ ትዘምራለች፣ ብስኩቷን ትበላለች። ገናዋን ታክብር። ከዚያ በኋላ ቀስ እያልን...

ውባለም፦ አዎ። አዎ፣ እንደሱ ይሻላል። ለቅሶ ቤት ምን ታደርጋለች? ሴቶቹ ደረት ሲደቁ፣ እኔ መሬት ስንከባለል ማየት የለባትም። ገናዋን ታክብር።

ዘሃራ፦ እንዲያ ነው። ምን ታውቃለች፣ ገና ሕፃን ናት።

ውባለም፦ ምሽት ላይ ግን ትጠይቅሻለች። «አባዬ መጣ?» ማለቷ አይቀርም። ምን ትያታለሽ?

ዘሃራ፦ ጅቡቲ ሄዷል እላታለኋ። ተመልሶ ሄደ፣ ሥራ በዛበት፤ ለጥምቀት ይመጣል።

ውባለም፦ ለጥምቀት ይመጣል።

ዘሃራ፦ ልጅ አይደለች? ትረሳዋለች።

ውባለም፦ እኔን «ሁመራ ሄዷል» ነበር ያሉኝ።

ዘሃራ፦ ማን?

ውባለም፦ እናቴ። አያቴ። ያደግሁበት መርሳ ላይ ሰፈሩ በሙሉ። የዚችን ያህል ነበርሁ። አባቴ ወባ ይዞት በሦስት ቀን ሄደ። እኔን ለአክስቴ ሰጥተው ቀበሩት፤ ስመለስ «ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል፣ ለገና ይመጣል» አሉኝ።

ዘሃራ፦ ይኼን ነግረሽኝ አታውቂም።

ውባለም፦ ለደሜ ብቻ ነው የነገርሁት። ገና ሲመጣ ከአስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ጫማ ነው የማየው፤ የአባቴን ጫማ አውቀው ነበር፣ ፊቱ ግን እየጠፋኝ ሄደ። ገና አለፈ። «ለፋሲካ ይመጣል» አሉኝ። ፋሲካም አለፈ። ለመስከረም፣ ደግሞ ለገና። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ከንፈር ይመጥጣል፤ እኔ ደግሞ ቀሚሴ ስላረጀ ይመስለኝ ነበር።

ዘሃራ፦ በስተኋላስ ማን ነገረሽ?

ውባለም፦ ማንም አልነገረኝም። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ከአንዲት ልጅ ጋር በእርሳስ ተጣላሁ። «አባቴ ሲመጣ እነግርብሻለሁ» አልኋት። ሳቀችብኝ። «የአባትሽን ተዝካር በልቼ፣ የቱ አባትሽ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ዘሃራ፦ ያ አላህ!

ውባለም፦ በላች እኮ። እኔ ያልበላሁትን የአባቴን ተዝካር የጎረቤት ልጅ በልታዋለች። ቤት ገብቼ ማንን ላልቅስ? ሰዉ አልቅሶ ጨርሷል። እናቴ ከል አውልቃለች። ከብቶቹ በረት ገብቼ አፌን በቀሚሴ ጠቅጥቄ ብቻዬን አለቀስሁ። ወጥቼም ራት በላሁ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ዘነበ ብትለኝ እንኳ ወጥቼ አየዋለሁ እንጂ አላምናትም። እስክትሞት ድረስ።

ዘሃራ፦ እናትሽ ክፉ አስባ አይደለም።

ውባለም፦ አይደለም። ወዳኝ ነው። አንቺም ወደሽኝ ነው ጨው ስታቦኪ የዋልሽው።

ዘሃራ፦ ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?

ውባለም፦ እነግራታለሁ።

ዘሃራ፦ መቼ?

ውባለም፦ አሁን።

ዘሃራ፦ ውቤ፣ አብደሻል? ራስሽ ገና አልቆምሽም! ቢያንስ ነገን ትለፍ። አንዲት ቀን ናት። አንዲት ቀን ስጫት።

ውባለም፦ ነገ ኮከብ ይዛ ስትዘምር አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። አስተማሪው ያውቃል፣ የሰዉ እናት ያውቃል። ሁሉም እንባውን እየዋጠ ያጨበጭብላታል። እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ከፊት ወንበር አባቷን ስትፈልግ፣ መዝሙሩን ስትስት፣ እያንዳንዱ ሰው እያወቀ ያያታል። እኔ ዛሬ ምን እንደሆንሁ አይተሻል አይደል? እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ይኼን ነገር ይቅር እላችኋለሁ። እሷ አትልም።

ዘሃራ፦ ታላላቆች ይምጡ። ቄሱ ይምጡ። እነሱ አነጋገሩን ያውቁበታል።

ውባለም፦ ቄሱማ «ወደ ሰማይ ሄደ» ይሏታል። የሹፌር ልጅ ናት እኮ፣ የሄደ ሁሉ የሚመለስ ነው የሚመስላት። ሄደ አልላትም። ተኛ አልላትም። ሞተ ነው የምላት።

ዘሃራ፦ ምን ማለት ነው ብትልሽስ?

ውባለም፦ አይመጣም ማለት ነው እላታለሁ። ለገናም፣ ለጥምቀትም፣ መቼም።

ዘሃራ፦ ትጮኻለች።

ውባለም፦ ትጩህ። አባቷ ነው። እኔም እጮኻለሁ። አብረን እንጮኻለን። እኔ ያንን ጩኸት ነው ያጣሁት ዘሃራ፤ አብሮኝ የሚጮህ።

ዘሃራ፦ ለወንድሞችሽ ምን ልበላቸው? አደራ ብለውኛል። «እኛ ሳንደርስ ቃል እንዳይወጣሽ» ነው ያሉኝ። ልጅቷም ሰማች ሲባል ይበሉኛል።

ውባለም፦ ለቀባሪው አረዱት ይሆንባቸዋል፣ ይኼው ነው። እኔ ነኝ ያልሁት በያቸው። እናቷ ናት በያቸው።

ዘሃራ፦ ድንጋጤ ልጅ ይጎዳል። ኋላ ቢያማትስ? ሌሊት ብትባንንስ?

ውባለም፦ ብትባንን ከጎኗ ነኝ። እኔ ስባንን «አባቴ ነው በሩን ያንኳኳው» እል ነበር። እናቴ ደግሞ «አዎ፣ ነገ ይመጣል፣ ተኚ» ትለኝ ነበር። ጥቁር ነጠላ አለሽ?

ዘሃራ፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ላንቺ ብዬ ይዤ ነበር።

ውባለም፦ አሁን አልለብሰውም፤ ቀድማ በልብሴ እንዳትሰማው። በቃሌ ትስማው። ፊቴን ጥረጊልኝ፣ ዱቄት አለበት መሰለኝ።

ዘሃራ፦ ነይ። ዓይንሽ ቀልቷል።

ውባለም፦ ይቅላ። በይ ጥሪያት።

ዘሃራ፦ ውቤ...

ውባለም፦ ሌሎቹን ልጆች ሞግዚቷ ወደ ግቢ ታውጣቸው። እሷን ጥሪልኝ።

ዘሃራ፦ አልችልም። ስጠራት ትስቅልኛለች። ወደዚህ እየዘለለች ስትመጣ እያየሁ... አልችልም እህቴ፣ ማሪኝ፣ ሌላ ነገር እዘዢኝ።

ውባለም፦ እንግዲያው በዚህ ጎን ቁሚና ስትወድቅ ያዣት። እኔ እጠራታለሁ። ኤልዳና! ነይ እናቴ... ኮላውን ተይው፣ እጅሽን ሳትታጠቢም ቢሆን ነይ።